በቂ ሥልጠና ሳያገኙ በኦፕራሲዮን ክፍል ስለሚመደቡ አዲስ ነርሶች

በዚህ ወርኃዊ ጽሑፍ ስለ ጕድጓድ ውሃ፤ ስለ ዝንብና ስለ ሆድ ትል፤ ስለ መጸዳጃ ቤት አቈፋፈር ደጋግመን ጽፈናል። አንዳንድ አንባቢዎቻችን «ስለ ሐኪም ቤቶቹ ስለ ራሳችሁስ ንጽሕና መቼ ትጽፋላችሁ?» ሲሉ ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሕዝቡን እጅህን ታጠብ የሚል መሥሪያ ቤት የራሱ እጅ የታጠበ መሆኑን ማሳየት ይገባዋልና። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ሕዝቡ «ኦፕራሲዮን ክፍል» ብሎ ስለሚጠራው ስለ ቀዶ ሕክምና ክፍል፤ ይልቁንም በቂ ሥልጠና ሳያገኙ በዚያ ክፍል ስለሚመደቡት አዲስ ነርሶች ያለንን አሳብ እንገልጻለን።

ይህ የባለሙያዎች የውስጥ ጉዳይ ስለሆነ ከሕዝብ ፊት መቅረብ የለበትም የሚሉ የሥራ ባልደረቦች አሉን። እኛ ግን እንደዚያ አናስብም። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የምትተኛው የአንባቢው እናት ወይም ሚስት ናት፤ ወደዚያ ክፍል በነርስነት የምትገባውም መምህራን ከአንደኛ ክፍል ጀምረው ያስተማሯት ልጅ ናት።

ከበር ውጭ ጋቢውን ተከናንቦ የሚጠብቅ ቤተ ዘመድ ስለ ኦፕራሲዮን ሲያስብ የሚታየው ምላጭ የያዘው ሐኪም ብቻ ነው። እውነቱ ግን በጠረጴዛው ዙሪያ ሁለት ነርሶች አሉ። አንደኛዋ እጇን ከክርኗ በላይ ድረስ ታጥባ፤ የጸዳ ጋውንና ጓንት ለብሳ፤ በመሣሪያዎቹ አጠገብ ትቆማለች። ሐኪሙ እጁን ሲዘረጋ ምላጩን፤ መቀሱን፤ መቆንጠጫውንና የስፌቱን መርፌ የምታቀብል እርሷ ናት። ሁለተኛዋ በክፍሉ ውስጥ እየተዘዋወረች የጎደለውን ታመጣለች፤ የታሸገውን ትከፍታለች፤ መብራቱን ታቃናለች፤ ከሰውነት የተቈረጠውን ናሙና የበሽተኛውን ስም ጽፋ ታስቀምጣለች፤ ከታጠበችው ጋር ሆናም ጎዙንና መርፌውን ትቈጥራለች። የመጀመሪያዋ ያልጸዳውን ነገር መንካት አይገባትም፤ ሁለተኛዋም የጸዳውን መንካት አይገባትም። በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር በዐይን የማይታይ ስለሆነ በልምምድ እንጂ በማየት ብቻ አይታወቅም። የለበሰችው ጋውን በጀርባዋ በኩልና ከወገቧ በታች እንደ ቆሸሸ ይቈጠራል፤ ስለዚህ እጇን ከወገቧ በታች ማውረድ አይፈቀድላትም። እንደ ረጠበ የወጣ የመሣሪያ ጥቅልም ምንም ያህል በእንፋሎት ቢቆይ እንደ ቆሸሸ ይቈጠራል፤ እርጥበቱ ተሕዋስያንን በጨርቁ ውስጥ ያሳልፋቸዋልና። በማደንዘዣ የተኛ በሽተኛ ክንዱ ከጎኑ ከ90 ዲግሪ በላይ ተዘርግቶ ከቆየ ነርቩ ተጎድቶ፤ ከመጣበት ሕመም ድኖ ሳለ እጁ የሰነፈ ሆኖ ሊነቃ ይችላል። ዲያቆን በቅዳሴ ጊዜ የት እንደሚቆም፤ ምን እንደሚነካና ምን እንደማይነካ ሳያውቅ መቅደስ አይገባም። እኛ ግን ይህን ሁሉ ያልተለማመደች ልጅ በጠረጴዛው አጠገብ እናቆማለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ጉብኝት በሄድንበት በአንድ ሐኪም ቤት የደረሰውን እናስታውሳለን። የሐኪም ቤቱን ስም አንጠቅስም፤ ነገሩ በማናቸውም ቦታ ሊደርስ ይችል ነበርና። ምጥ የጸናባት አንዲት እናት በሌሊት ከገጠር መጥታ በቀዶ ሕክምና ተገላገለች፤ ሕፃኑም በደኅና አለቀሰ። ታጥባ የቆመችው ነርስ ከተመረቀች ዓመት ያልሞላት፤ በዚያ ክፍል ከተመደበች ግን ገና አሥራ አንደኛ ቀኗ ነበር። ሆዱ ሊዘጋ ሲል ጎዙን ቈጠረች፤ አንድ ጎደለ። ደግማ ቈጠረች፤ አሁንም ጎደለ። ዳሩ ግን ዝም አለች። ኋላ ስንጠይቃት «መጀመሪያውኑ ስንት እንደ ነበረ እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ከሥራው በፊት መቍጠር እንዳለብኝም ያሳየኝ ሰው አልነበረም፤ ዶክተሩም በጣም ደክመው ነበር» አለችን። ሆዱ ተዘጋ፤ ቆዳውም ተሰፋ። እናቲቱ ወደ አልጋዋ ልትወሰድ ስትል ልጅቱ እንባዋን መግታት አቅቷት «ዶክተር፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አንድ ጎዝ ጎድሎብኛል» ስትል ተናገረች። እናቲቱ እንደገና ማደንዘዣ ተሰጣት፤ ስፌቱ ተፈታ፤ ጎዙም በአንጀት መካከል ተገኘ። እግዚአብሔር ይመስገን፤ እናትም ልጅም ድነው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

በማግሥቱ ለልጅቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈላት። እኛም በዚያ ጊዜ ነገሩ ትክክል መስሎን ዝም አልን። ይልቁንም የሚያሳፍረን ሌላ ነገር አለ። ያችን ልጅ ከሌሎች ስድስት ነርሶች ጋር ለዚያ ሐኪም ቤት የመደበው ዝርዝር በኛ እጅ ያለፈ ነበር። በዝርዝሩ ላይ ስም፤ የትምህርት ደረጃና ደመወዝ ተጽፏል፤ በየትኛው ክፍል ምን እንደ ተለማመዱ የሚገልጽ ዐምድ ግን አልነበረውም። ፈርመን አሳለፍነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፤ የሌላውን ስሕተት ከመዘርዘራችን በፊት የራሳችንን መናገር ግድ ሆኖብናል።

የነርስነት ተማሪ በትምህርት ቤት ሳለች ስለ ሰውነት አሠራር፤ ስለ መድኃኒት፤ ስለ ወላድና ስለ ሕፃናት ብዙ ትማራለች፤ ይህን አናቃልልም። በኦፕራሲዮን ክፍል የምትቆየው ግን ጥቂት ሳምንት ነው። በእነዚያም ሳምንታት ተማሪዎቹ አሥርም አሥራ አምስትም ሆነው ከግድግዳው ተጠግተው ይቆማሉ፤ ከሐኪሙ ትከሻ ባሻገር መብራቱንና አረንጓዴውን ጨርቅ ያያሉ። በልምምድ መዝገቧ ላይ ይህን ያህል ኦፕራሲዮን «ተመልክታለች» ተብሎ ይፈረምላታል። መምህራን አንባቢዎቻችን ይፍረዱ! አንድ ዕጩ መምህር ሌላው ሲያስተምር በመስኮት ተመልክቷል ተብሎ ስድሳ ተማሪ ያለበት ክፍል ይሰጠዋልን? መጀመሪያ በነባር መምህር ፊት ቆሞ ያስተምራል፤ ይታረማል፤ ደግሞ ያስተምራል። በአብነት ትምህርት ቤትም ቢሆን ተማሪው በመምህሩ ፊት በቃሉ ሳይዘልቅ ሌላውን እንዲያስቀጽል አይታዘዝም።

በውጭ አገር ትምህርታችንን በተከታተልንበት ጊዜ ያየነውን ሁሉ እንደ ወርቅ ቈጥረን እዚህ እንትከል የምንል አይደለንም። ይህን አንድ ነገር ግን እንጠቅሳለን። በአሜሪካ ብዙ ሐኪም ቤቶች አዲስ ነርስ በኦፕራሲዮን ክፍል ብቻዋን ከመቆሟ በፊት ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ድረስ ከነባር ነርስ ጋር ትሠራለች። ይህም ከጥንት የመጣ ጥበብ አይደለም፤ ከራሳቸው ጉድለት የተማሩት ነው። ከሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኋላ የነርስ ትምህርት ቤቶቻቸው የኦፕራሲዮን ክፍል ልምምድን እየቀነሱ፤ አንዳንዶቹም ጨርሶ እየተዉ ስለ ሄዱ፤ ሐኪም ቤቶቹ ምሩቃኑን ራሳቸው ለማሠልጠን ተገደዱ። ስለዚህ ጉድለቱ የድኻ አገር ብቻ አይደለም። ልዩነቱ ጉድለቱን ከታወቀ በኋላ በሚደረገው ነገር ነው።

የነርስን እጅ ማሰብ ለበሽተኛው እንደሚተርፍ የሚያሳይ አንድ ታሪክም አለ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1889 ዓ.ም. ገደማ በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪም ቤት ካሮላይን ሃምፕተን የተባለች የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ፤ ለእጅ ማጽጃ የሚጠቀሙበት የሜርኩሪ መድኃኒት ቆዳዋን እያቈሰለ አስቸገራት። ሐኪሙ ዊልያም ሃልስቴድ ሥራዋን እንዳትተው ብሎ የጉድይር ጎማ ኩባንያ ቀጭን የላስቲክ ጓንት እንዲሠራላት አዘዘ። (ኋላም አገባት፤ ይህ ግን ከጉዳያችን ውጭ ነው።) ጓንቱ የተሠራው የነርሷን እጅ ለማዳን ነበር፤ ቈይቶ ግን ሐኪሞቹም ሲለብሱት የበሽተኛው ቍስል መመርቀዝ እንደሚቀንስ ታወቀ። ዛሬ ያለ ጓንት ኦፕራሲዮን የሚያደርግ የለም።

አሁን መምህራን በክፍል ውስጥ ለተማሪዎቻቸው ሊያሳዩት ወደሚችሉት ነገር እንምጣ። በባሕር ጠረፍ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች በዚያ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቴርሞሜትር ያለው ትምህርት ቤት ሊሞክረው ይችላል። የኦፕራሲዮን መሣሪያ የሚጸዳበት አውቶክሌቭ የሚባለው ድስት እንፋሎቱን አምቆ ሙቀቱን ወደ 121 ዲግሪ ያደርሳል፤ በዚያም ሙቀት ቢያንስ 15 ደቂቃ መቆየት አለበት፤ መሣሪያው በወፍራም ጨርቅ የተጠቀለለ ከሆነ ከዚያም የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። በመጻሕፍት ላይ ብዙ ጊዜ «መለኪያው 15 ፓውንድ ሲያሳይ» የሚል ይገኛል። ይህ ግን ለባሕር ጠረፍ የተጻፈ ነው። መለኪያው የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ስለሆነ፤ የውጭው አየር በሳሳበት በደጋችን 15 ፓውንድ ላይ ሙቀቱ 117 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ 121 ዲግሪ ለመድረስ መለኪያው ወደ 19 ፓውንድ መቅረብ አለበት። ሙቀቱን በራሱ የሚለካ አዲስ መሣሪያ ያላቸው ሐኪም ቤቶች በዚህ አይቸገሩም፤ አሮጌው ድስት ባለበት ግን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረች ነርስ ሥራዋን ሁሉ በትጋት ፈጽማ ያልጸዳ መሣሪያ ታቀርባለች። በጥቅሉ ላይ የሚለጠፈው መስመሩ የሚጠቁር ወረቀትም ቢሆን ጥቅሉ በሙቀት ውስጥ ማለፉን እንጂ መጽዳቱን አያረጋግጥም። ይህን ለአንዲት አዲስ ነርስ ለመንገር አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሆኖም በጎበኘናቸው ቦታዎች የጠየቅናቸው ብዙዎቹ ነግሮን የሚያውቅ የለም ብለውናል።

ስለ ጎዙም እንዲሁ ነው። በፋብሪካ ታስሮ የሚመጣው የኦፕራሲዮን ጎዝ ቍጥሩ የታወቀ ነው፤ በውስጡም በራጅ የሚታይ ክር አለው። በአንዳንድ ሐኪም ቤቶቻችን ግን ጎዝ ከትልቅ ጥቅል እየተቈረጠ በእጅ ይታጠፋል። በዚህ ዐይነት የተዘጋጀ ጎዝ በራጅ የሚታይ ክር የለውም፤ እስሩም ዛሬ አሥር፤ ነገ ዘጠኝ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ድኻው ሐኪም ቤት ከሀብታሙ ይልቅ ቈጠራው የጠነከረ መሆን ነበረበት፤ ብቸኛው መጠበቂያው ቈጠራ ነውና። ሕጉ ቀላል ነው። ቆዳው ሳይቀደድ ሁለቱ ነርሶች አብረው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይቈጥራሉ፤ ቍጥሩ ይጻፋል፤ ሆዱ ሊዘጋ ሲል፤ ደግሞም ቆዳው ሊሰፋ ሲል እንደገና ይቈጠራል። ከጎደለ ሐኪሙ እጁን ይገታል። ሕጉን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የደከመውን ሐኪም «ይጠብቁ፤ አልሞላም» ብሎ ማስቆም ሌላ ነገር ነው። ይህ ሁለተኛው ካልተለማመዱት አይመጣም። በባህላችን ታናሽ ታላቁን በሥራ መካከል ማቋረጥ ነውር ስለሚሆንበት ለኛ ልጆች ልምምዱ ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.አ.አ. 19 ነጥቦች ያሉት የኦፕራሲዮን መቈጣጠሪያ ዝርዝር አወጣ። ዝርዝሩ ከማደንዘዣ በፊት፤ ከመቅደድ በፊትና በሽተኛው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበባል። በቶሮንቶ፤ በለንደን፤ በሲያትል፤ በኦክላንድ፤ በአማን፤ በማኒላ፤ በኒው ዴልሂና በታንዛኒያ ኢፋካራ በሚገኙ ስምንት ሐኪም ቤቶች ተሞክሮ፤ በ2009 እ.አ.አ. በታተመው ጥናት መሠረት ከኦፕራሲዮን በኋላ በሐኪም ቤት የሚሞቱት ከመቶ 1.5 ወደ 0.8 ወረዱ፤ ሌላ ጉዳት የሚደርስባቸውም ከመቶ 11 ወደ 7 ዝቅ አሉ። ከነጥቦቹ አንዱ፤ ሥራው ሳይጀመር በክፍሉ ያሉት ሁሉ ስማቸውንና ሥራቸውን እንዲናገሩ የሚያዝዘው፤ ለአንዳንድ ሰው ጨዋታ ይመስለዋል። እኛ ግን ከሁሉ ይበልጥ የምንወደው እርሱን ነው። አንድ ጊዜ ስሟን ጮኽ ብላ የተናገረች ልጅ ሁለተኛ ጊዜ ለመናገር አትፈራም። ሆኖም ይህ ዝርዝር በአንዳንድ ቦታ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በኮሪደር ላይ ተቀምጦ ሲሞላ በዐይናችን አይተናል። እንዲህ ከሆነ ወረቀት ማባከን ነው።

አገራችን በዚህ ረገድ አልተቀመጠችም። ከ2009 እ.አ.አ. ጀምሮ የጤና መኰንኖች የአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ትምህርት እየተሰጣቸው፤ ምጥ የጸናባቸው እናቶች ሩቅ ሳይሄዱ እንዲረዱ ተደርጓል። በ2016 እ.አ.አ. ደግሞ የጤና ሚኒስቴር አስተማማኝ ቀዶ ሕክምናን ለማስፋፋት አገር አቀፍ መርሐ ግብር ዘርግቷል። የኦፕራሲዮን ክፍሎች ቍጥር መጨመሩ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ምላጩን ለሚይዘው እጅ የተሰጠውን ያህል አሳብ ምላጩን ለሚያቀብለው እጅ አልተሰጠም ብለን እናምናለን።

«ነርስ በጎደለበት አገር ለሥልጠና ስምንት ሳምንት ማን ይጠብቃል?» የሚል መልስ ከአስተዳዳሪዎች ዘንድ እንሰማለን። ችግራቸውን እናውቃለን፤ የተራ መመደቢያ ሠሌዳ ይዘው የሚጨነቁ ሰዎች ናቸው። ዳሩ ግን የመረቀዘ የሆድ ቍስል ያላት እናት ሳምንት ሙሉ ከዚያም በላይ አልጋ ትይዛለች፤ በየቀኑ ቍስሏን የሚያጥብ ነርስ ትፈልጋለች፤ ባሏ ከእርሻው ይቀራል። ስምንቱ ሳምንት በሌላ በር ወጥቶ ይከፈላል። ደግሞም ነርሶችን በየጥቂት ወሩ ከክፍል ወደ ክፍል የማዛወር ልማድ አለን። ልጅቱ በመከራ መሣሪያዎቹን በስማቸው ለይታ ባወቀችበት ወር ወደ ሕፃናት ክፍል ትዛወርና በቦታዋ ሌላ አዲስ ትገባለች። ይህን ልማድ የሚደግፍ በቂ ምክንያት እስካሁን አልሰማንም።

የኛ አሳብ ይህ ነው። በኦፕራሲዮን ክፍል የምትመደብ፤ ወይም የሚመደብ፤ አዲስ ነርስ ስምንት ሳምንት ከአንዲት ነባር ነርስ ጋር ይጣመር። መጀመሪያ እጅ መታጠብን፤ ጋውን አለባበስን፤ የመሣሪያዎቹን ስምና አውቶክሌቩን ይማር፤ ቀጥሎ ተዘዋዋሪ ሆኖ ይሥራ፤ በመጨረሻም በትንንሾቹ ኦፕራሲዮኖች ታጥቦ ይቁም። በትንንሾቹ ሐኪም ቤቶቻችን ከሚደረገው ትልቅ ኦፕራሲዮን አብዛኛው የወላድ ስለሆነ፤ ፈተናው የዚያን ጠረጴዛ በነባሯ ፊት ያለ ረዳት ማዘጋጀትና ቈጠራውን ሦስቴ ጮኾ መፈጸም ይሁን። «አይቷል» የሚለው ፊርማ ይቅርና «ሠርቷል» የሚል ይተካ። የምታሠለጥነው ነባር ነርስም ከሌላ ተራ ሥራ ተቀንሶላት ለድካሟ አበል ይታሰብላት፤ እስካሁን የሚደረገው በቸርነቷ ነውና። የሠለጠነው ቢያንስ ሁለት ዓመት በክፍሉ ይቆይ። ጎዝ ጎደለኝ ብሎ ራሱ ለተናገረ ነርስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አይጻፍበት፤ ደብዳቤ የፈራ ነርስ በሚቀጥለው ጊዜ አይናገርምና።

ገንዘብ የሚጠይቀው ከነዚህ ጥቂቱ ነው። ለምሳሌ ቍጥሩ የሚጻፍበት ሰሌዳ በኦፕራሲዮን ክፍል ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ሁሉም ከቆመበት ሊያነበው ይችላል። አንድ የከተማ ትምህርት ቤት አሮጌ ጥቁር ሰሌዳ ልስጥ ብሎን ነበር፤ ቸርነቱን እያመሰገንን የጠመኔ ብናኝ በዚያ ክፍል ስለማይፈቀድ በእርጥብ ጨርቅ የሚጠረግ ነጭ ሰሌዳ እንዲሆን ለምነናል።

በሐኪም ቤት የሥራ አመራር ቦርድ ውስጥ የሕዝብ ወኪል ሆነው የሚቀመጡ አንባቢዎች እንዳሉን እናውቃለን። ቦርዱ ብዙ ጊዜ የሚነጋገረው ስለ አምቡላንስ ጎማና ስለ መድኃኒት መግዣ ገንዘብ ነው፤ አስፈላጊ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ግን በኦፕራሲዮን ክፍሉ ዛሬ ሌሊት ታጥባ የምትቆመው ነርስ ማን እንደሆነች፤ ስንት ሳምንት እንደ ሠለጠነች፤ ማንስ እንደ ፈረመላት ቢጠይቁ ሐኪም ቤቱ መልስ ለማዘጋጀት ይገደዳል። ጥያቄው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ በትሕትና ይቅረብ።

ይህን አሳብ በጽሑፍ ለሚመለከተው ክፍል አቅርበናል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው። ያች ነርስ እስከ ዛሬ በዚያው ክፍል ትሠራለች፤ አሁን አዲስ የሚመጡትን ቈጠራ የምታስተምረው እርሷ ናት። የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ከማኅደሯ እንዲወጣ ባለፈው ወር ጽፈናል።